«ልጄን አሞታል እንዴ?»
በቤት ውስጥ ስለሚነሳ የሕፃናት ፎቶግራፍ

በዚህ ወር የማነሳው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ሕፃናትን በቤት ውስጥ ፎቶግራፍ ስለ ማንሳት ነው። «ስልኩን አውጥቶ መጫን እንጂ ይህ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ራሴ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ ነበር የማስበው። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱም የእኔው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምኖርበት በደሴ ከተማ፣ ከግቢያችን አጠገብ አንዲት እናት አሉ። ሰፈሩ በሙሉ «እማማ» እያለ ነው የሚጠራቸው። ልጃቸው ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ስትሄድ የሁለት ዓመት ወንድ ልጇን ለእናቷ ትታ ነው የሄደችው። ልጁ አሁን ስድስት ዓመቱን ይዟል። እናቱ በሳምንት አንድ ቀን ስልክ ስታገኝ ድምፁን ትሰማለች። መልኩን ግን የምታየው ሰው ፎቶግራፍ ሲልክላት ብቻ ነው፤ የእማማ ስልክ ባለ ቁልፉ ዓይነት ነውና።

አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ እማማ ልጁን በእጃቸው ይዘው ብቅ አሉ። «ልጄ፣ እስቲ ይህን ልጅ ፎቶ አንሳና ለእናቱ ላክላት። ናፍቆት ሊገድላት ነው» አሉኝ። እኔም ልጁን ወደ ውስጥ አስገብቼ ከመብራቱ ሥር፣ ከግድግዳው አጠገብ አቆምኩት። ስልኬን ወደ ፊቱ አስጠግቼ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫንኩ፤ ላክሁት። ሰደቃ እንደሠራ ሰው ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ፈጅር ሰግጄ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። እናቲቱ ናት። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። «ወንድሜ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እውነቱን ንገረኝ። ልጄን አሞታል እንዴ? ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ጉንጩ ከስቷል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። እናቴ ደብቃኝ ነው?» አለችኝ። ልጁ ደህና መሆኑን ማልኩላት። አላመነችኝም። በሦስተኛው ቀን ከአሠሪዎቿ በደመወዟ ላይ ተበድራ ለሕክምና ብላ ገንዘብ ላከች። እማማ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ነርሷ መዘነችው፣ ቁመቱን ለካችው፣ ዓይኑንና ምላሱን አየችና ሳቀች። ልጁ እንደ ወጠጤ ጤነኛ ነው። እናቱ ግን ሦስት ሌሊት አልተኛችም፤ ዕዳም ገብታለች።

ያን ዕለት ማታ ፎቶግራፉን ከፊቴ አድርጌ እንደ ተማሪ የፈተና ወረቀት አረምኩት። እውነትም የታመመ ልጅ ይመስላል። ጤነኛውን ልጅ ማን አሳመመው? ውድ አንባቢያን፣ ያሳመሙት ሦስት ነገሮች ናቸው።

ሦስቱ ስሕተቶች

የመጀመሪያው መብራቱ ነው። ቤታችን ውስጥ ያለው አምፖል እንደ አብዛኞቻችን ቤት ከጣሪያው መሐል የተሰቀለ አንድ አምፖል ነው። ልጁ ከሥሩ ሲቆም ብርሃኑ በቀጥታ ከአናቱ ላይ ወረደበት። ግንባሩና አፍንጫው ሲበሩ የዓይኑ ጉድጓድ በቅንድቡ ጥላ ተሸፈነ። «ዓይኑ ጎድጉዷል» ያለችው ይህን ነው።

ሁለተኛው ግድግዳው ነው። ግድግዳችን እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ዘይት ቀለም የተቀባ ነው። ባለ ቀለም ግድግዳ ያረፈበትን ብርሃን ቀለሙን ጨምሮበት ነው የሚመልሰው። ልጁ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ስለቆመ አረንጓዴው በጉንጩ ላይ ተንጸባረቀ። ጥቂት አረንጓዴ የነካው የሰው ፊት ደግሞ ደም ያጣ ይመስላል። «ፊቱ አመድ መስሏል» ያለችው ይህን ነው።

ሦስተኛው ሌንሱ ነው። በስልኮቻችን ላይ ያለው ዋናው ሌንስ ሰፊ ቦታ እንዲያይ የተሠራ ነው። በሰፊ ሌንስ ወደ ፊት በጣም ሲቀርቡ፣ ለሌንሱ የቀረበው አፍንጫና ግንባር ይገዝፋል፤ ራቅ ያሉት ጉንጭና ጆሮ ያንሳሉ፤ ፊቱም የጠበበ ይመስላል። «ጉንጩ ከስቷል» ያለችው ይህን ነው።

እንግዲህ እናቲቱ አልተሳሳተችም። ያየችውን ነው የተናገረችው። ፎቶግራፉ ነው የዋሸው።

ብርሃን ከየት ይምጣ?

ስለ ብርሃን ከተነሳ አንድ ታላቅ ሰው ሳይጠቀስ አይታለፍም። እርሱም አቡ ዓሊ አል-ሐሰን ኢብኑ አል-ሀይሠም ነው። በበስራ ከተማ እ.ኤ.አ. በ965 አካባቢ ተወልዶ በ1040 አካባቢ በካይሮ ያረፈ ሊቅ ነው። «ኪታብ አል-መናዚር» የተሰኘውን ሰባት ክፍል ያለውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. ከ1011 እስከ 1021 ባሉት ዓመታት እንደጻፈው ይነገራል። ከእርሱ በፊት ብዙዎች ዓይን ጨረር አውጥቶ ነገሮችን በመንካት ነው የሚያየው ይሉ ነበር። እርሱ ግን የምናየው ብርሃን ከነገሩ ተነስቶ ወደ ዓይናችን ሲገባ መሆኑን አስረዳ። መብራቶችን ደርድሮ ብርሃናቸውን በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል በማስገባት፣ ብርሃን ቀጥ ብሎ እንደሚጓዝና የአንዱ መብራት ብርሃን ከሌላው ጋር እንደማይደባለቅ በሙከራ አሳየ። ካሜራም ቢሆን በመሠረቱ ጨለማ ክፍልና አንዲት ቀዳዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፍ የብርሃን ዓመት ሲከበር የዚህ መጽሐፍ ሺህኛ ዓመትም አብሮ ታስቧል።

ለእኛ የሚጠቅመው ቁም ነገር ይህ ነው። ካሜራው የሚያየው ልጁን ሳይሆን ከልጁ ላይ ተነስቶ የሚመጣውን ብርሃን ነው። ስለዚህ ከመጫናችን በፊት «ብርሃኑ ከየት መጥቶ የትኛው የፊቱ ክፍል ላይ አረፈ?» ብለን መጠየቅ አለብን።

ልጅ ሆኜ መድረሳ ስቀራ ኡስታዛችን «ሉሓችሁን ይዛችሁ ወደ በሩ ጠጋ በሉ» ይሉን ነበር። ክፍሉ ጨለማ ስለነበር ፊደሉ የሚታየው በበሩ ብርሃን ነው። ኋላም በመንግሥት ትምህርት ቤት ፊዚክስ ስማር፣ ከትንሽ መብራት ያለንን ርቀት እጥፍ ብናደርገው የሚደርሰን ብርሃን ወደ ሩብ እንደሚወርድ ተማርኩ። ሁለቱን ትምህርቶች አንድ ላይ አድርጌ ያሰብኩት ግን ይህ ነገር ከደረሰብኝ በኋላ ነው።

በአገራችን ቤቶች መስኮቱ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። ትልቁ የብርሃን ምንጭ በሩ ነው። ስለዚህ ልጁን ከተከፈተው በር አንድ እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ፀሐይ በቀጥታ አይንካው፤ ፊቱን ወደ ደጅ ያዙር። እናንተ ከደጅ በኩል ወይም ከመቃኑ አጠገብ ሁኑ። ብርሃኑ ከትልቅ ቦታ ስለሚመጣ ለስላሳ ነው፤ ከፊት ለፊት ስለሚመጣም የዓይኑን ጉድጓድ ይሞላዋል። በብሌኑ ላይ የበሩ ነጭ ምስል ጠብ ብሎ ሲታያችሁ ቦታው መልካም መሆኑን እወቁ። ከጀርባው ያለው ቤት ስለሚጨልም የተዘበራረቀ ዕቃም አይታይም።

ፊቱ ሙሉ በሙሉ ከበራ በኋላ ጥቂት ጥላ ከፈለጋችሁ ልጁን ወደ ጎን አዙሩት። አንዱ ጉንጩ ይበራል፣ ሌላው ይጠቁራል። የጠቆረው ወገን ከበዛ አንድ ነጭ ነጠላ ወይም አንሶላ በዚያ በኩል አንድ ክንድ ያህል አርቆ ሰው ይያዝ። ከነጩ ጨርቅ የሚመለሰው ብርሃን ጥላውን ያሳሳዋል። ነጭ መሆኑን ግን አትርሱ። የቀይ ብርድ ልብስ ቀይ፣ የአረንጓዴ ግድግዳ አረንጓዴ ይመልሳል። ፀሐይ በመስኮት በቀጥታ ከገባች ደግሞ ስስ ነጭ መጋረጃ ዘርጉባት፤ ብርሃኗን ታሰራጨዋለች።

ከሁሉም በላይ በቀን ብርሃን ስታነሱ የቤቱን መብራት አጥፉ። የተለመደው ቢጫ አምፖል ብርሃን 2,700 ኬልቪን ገደማ ሲሆን የቀን ብርሃን 5,500 ኬልቪን ገደማ ነው። ካሜራው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስተካከል ስለማይችል አንዱ ጉንጭ ብርቱካን፣ ሌላው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ሌንስ ምርጫ

ቤት ውስጥ ብርሃን ምን ያህል እንደሚያንስ ዓይናችን አያስታውቀንም፤ ፈጥኖ ይለምዳልና። በመሣሪያ ሲለካ ግን ደመና በሸፈነው ቀን ደጅ ያለው ብርሃን ወደ 10,000 ሉክስ ይጠጋል። ማታ ሳሎን ውስጥ በአምፖል ያለው 100 ሉክስ ቢሆን ብዙ ነው። የመቶ እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። በመሆኑም ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ነው።

የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት የሚነግረን «ኤፍ» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚለው ሌንስ ሲቀረብበት ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ላይ ይደርሳል። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሚባለው ሌንስ ግን ከእርሱ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ይህ ሌንስ ትላልቆቹ አምራቾች ከሚሸጧቸው ሌንሶች ሁሉ ከርካሾቹ አንዱ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ካሜራውን ከመቀየሩ በፊት ይህን ሌንስ ቢገዛ ይሻለዋል።

ሆኖም የክፍሉን ስፋት መለካት ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ርካሽ ካሜራዎች የምስል መቀበያቸው ከድሮው ፊልም ያነሰ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ካሜራ ላይ 50 ሚሊ ሜትሩን ገጥማችሁ ቁመቱ አንድ ሜትር የሆነውን ልጅ ከእግር እስከ ራሱ ለማንሳት ወደ 2 ሜትር ከ70 መራቅ አለባችሁ። ክፍሉ 3 በ3 ከሆነ ጀርባችሁ ከግድግዳ ጋር ተጣበቀ ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ክፍል 35 ሚሊ ሜትሩ ይሻላል፤ 2 ሜትር ያህል ይበቃዋል። 50 ሚሊ ሜትሩ ለፊትና ለትከሻ፣ 35 ሚሊ ሜትሩ ለጨዋታና ለሙሉ ቁመት ብላችሁ ያዙት። 85 ሚሊ ሜትር ለፊት እጅግ ያማረ ቢሆንም ለሰፊ አዳራሽ እንጂ ለእኛ ቤት አይመችም።

ሰፊ ቀዳዳ የራሱ ዕዳ አለው። በኤፍ 1.8 ከአንድ ሜትር ርቀት ስታነሱ ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አፍንጫው ጠርቶ ዓይኑ ሊደበዝዝ ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ትኩረቱን ለእናንተ በቀረበው ዓይን ላይ አድርጉ። ብርሃኑ ከፈቀደ ወደ ኤፍ 2.8 መለስ በሉ። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ሲቀመጡም ኤፍ 4 ይሻላል፤ አለዚያ አንዱ ጠርቶ ሌላው ደብዝዞ ቅሬታ ይነሳል።

ስልክ ብቻ ላላችሁ፣ እኔም ከእናንተው ነኝ። መፍትሔው ቀላል ነው። ወደ ልጁ አትቅረቡ፤ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁ። ስልኩ የ2 እጥፍ ሌንስ ወይም ምርጫ ካለው እርሱን ተጠቀሙ። «0.5» ወይም «0.6» የሚለውን እጅግ ሰፊ ሌንስ ቤት ውስጥ ለፊት በጭራሽ አትጠቀሙበት፤ ፊትን ያጣምማል፣ ብርሃንም ያንሰዋል። በማያ ገጹ በኩል ያለው የፊት ካሜራም ከኋለኛው ይደክማል። ደግሞም ሌንሱን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ከወጥ ቤት ጭስና ከቅባታም ጣት የሚመጣ ድብዝዝታን ብዙ ሰው የካሜራው ጥራት ጉድለት ይመስለዋል።

ልጅ አይቆምም

ልጅ ለካሜራ ብሎ ትንፋሹን አይይዝም። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ቀዳዳውን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ይቆያል፤ በዚያ መሐል ልጁ ይንቀሳቀሳል፣ ምስሉም ይንሸራተታል። ተቀምጦ ለሚያነብ ልጅ ከ1/125 ሰከንድ፣ ለሚጫወት ከ1/250 ሰከንድ፣ ለሚዘል ከ1/500 ሰከንድ ባይዘገይ መልካም ነው። ለዚህ ሲባል የካሜራውን የብርሃን ስሜት፣ ማለትም አይ ኤስ ኦ የሚባለውን፣ ወደ 1,600 ወይም 3,200 ከፍ ማድረግ አያስፈራ። ጥቂት አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ይጨምር ይሆናል። አሸዋ ያለበት ጥርት ያለ ፊት፣ ካለ አሸዋ ከተንሸራተተ ፊት ይበልጣል። የስልክ «የሌሊት ዘዴ» ግን ብዙ ምስሎችን ለሰከንድና ከዚያም በላይ እያነሳ ስለሚያጣምር ለሚንቀሳቀስ ልጅ አይሆንም፤ ዝጉት።

በአምፖል ብርሃን ስታነሱ አንድ ነገር ያዙ። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ርካሽ ኤል ኢ ዲና ኒዮን መብራቶች በዚህ ምክንያት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ዓይናችን አያየውም፤ ካሜራ ግን ፍጥነቱ ሲበዛ ምስሉን በጥቁር መስመሮች ያዥጎረጉረዋል። እንዲህ ያለ መስመር ካያችሁ ፍጥነቱን ወደ 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ አውርዱትና ልጁን ቁጭ ብሎ የሚሠራው ሥራ ስጡት።

የእኛ ልጆች የቆዳ ቀለም

ብዙዎቻችሁ «ልጄ በፎቶ ላይ ከሰል ይመስላል» ወይም «አመድ ይመስላል» ስትሉ ሰምቻለሁ። በዚህ ውስጥ ታሪክ አለበት። በፊልም ዘመን ኮዳክ ኩባንያ ለማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ ካርድ ያድል ነበር። ካርዱ «ሸርሊ» በሚል ስም የታወቀ ሲሆን በላዩ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች። ቀለሙ የሚስተካከለው የእርሷ ፊት እስኪያምር ድረስ ነው። የጠይምና የጥቁር ፊት ዝርዝር በጥላ ውስጥ ይጠፋ ነበር። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኞች እንደተናገሩት፣ በ1970ዎቹ ፊልሙ ቡናማ ቀለምን እንዲለይ ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች ይገኙበታል። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሦስት ሴቶች ያሉበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በስልክ ዘመንም ጉግል ኩባንያ የጠቆረ ቆዳን በትክክል ለማሳየት ያዘጋጀውን «ሪል ቶን» የተባለ አሠራር ያስተዋወቀው በ2021 ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ችግሩ ከልጆቻችሁ መልክ እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዛሬም ካሜራ የሚያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው። ልጁ ነጭ ጀለቢያና ነጭ ኮፍያ ለብሶ ከነጭ ግድግዳ ፊት ቢቆም ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ፊቱ ይጠቁራል። ብርሃኑ መስኮት ከጀርባው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በስልክ ከሆነ የልጁን ፊት በጣታችሁ ንኩ፤ የፀሐይ ምልክት ሲመጣ ወደ ላይ ጥቂት ጎተት አድርጉ። በካሜራ ከሆነ የብርሃን ማስተካከያውን ወደ +0.7 ወይም +1 ውሰዱት። በተቃራኒው ከጀርባው ጥቁር መጋረጃ ካለ ፊቱ ነጥቶ እንዳይጠፋ ቀንሱ።

ስለ ፍላሽ

የስልክ ፍላሽ ከሌንሱ አጠገብ ያለ ትንሽ ነጥብ ነው። ፊትን ያሳጣል፣ ጥላን ከኋላ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ ልጁን ያስደነግጣል። ካልቸገረ ተዉት። በካሜራ አናት ላይ የሚገጠመው ፍላሽ ካላችሁ ራሱን ወደ ኮርኒሱ አዙሩት። ነጭ ኮርኒስ ብርሃኑን አሰራጭቶ ይመልሰዋል። ኮርኒሱ ቀለም ካለው ወይም ቤቱ ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ ግን አይሆንም። መብራት ሲጠፋም ሻማ ወይም ኩራዝ ወደ ልጁ አታስጠጉ፤ ለአንድ ፎቶግራፍ ተብሎ እሳት ከልጅ ጋር አይቀራረብም።

እዚህ ላይ ሁላችሁም እንድታስተውሉ የምፈልገው ነገር አለ። በፍላሽ በተነሳ ፎቶግራፍ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ብሌኖች ቀልተው ይታያሉ። ይህ ከዓይን ውስጠኛ ክፍል የሚመለስ ብርሃን ስለሆነ አያስፈራም። ነገር ግን አንዱ ብሌን ቀይ ሆኖ ሌላው ነጭ ወይም ቢጫማ ሆኖ በተደጋጋሚ ከታየ ልጁን ሳትዘገዩ ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዱት። ልጁ ካሜራውን በጎን ሲያይ ከተነሳ ያለ በሽታም እንዲህ ሊታይ ይችላል። ግን የዓይን ሞራ ወይም በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሚይዘው የዓይን ካንሰር ምልክትም ሊሆን ይችላል። ይህ ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። እንግዲህ ፎቶግራፍ ጤነኛውን አሳምሞ እንደሚያሳይ ሁሉ፣ ያልታወቀውን ሕመም ቀድሞ የሚያሳይበትም ጊዜ አለ። ለይቶ ማወቁ የወላጅ ድርሻ ነው።

ስለ ልጁ ክብር

የቀረው ልጁ ነው። ቆማችሁ ከላይ ወደ ታች አታንሱት፤ ተንበርከኩና ከዓይኑ ጋር እኩል ሁኑ። «ሳቅ በል» አትበሉት፤ የታዘዘ ሳቅ ጥርስ እንጂ ደስታ አያሳይም። ሥራ ስጡት። ሲኒ ያቀብል፣ ሉሓውን ይያዝ፣ ከአያቱ ጋር ጥራጥሬ ይልቀም። ከአምስት ደቂቃ በላይም አታቆዩት።

ስለ ፎቶግራፍ ሸሪዓዊ ብይን ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት እንዳላቸው ይታወቃል፤ ይህ ዓምድ ወደዚያ አይገባም፤ ጥያቄ ያለው ዓሊም ይጠይቅ። ሁላችንም የምንስማማበት ግን የልጅ ሐያእ መጠበቅ እንዳለበት ነው። ራቁቱን፣ ሲታጠብ ወይም ሲያለቅስ የተነሳ ምስል አደባባይ አይወጣም። ልጁ ነገ ያድጋል፤ እኛ ዛሬ የበተንነውን እርሱ መሰብሰብ አይችልም። ለእናቱ የተነሳው ለእናቱ ይላክ።

ወደ ጀመርኩት ልመለስ። በሚቀጥለው ጁምዓ ጠዋት በሦስት ሰዓት ገደማ ወደ እማማ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፈትን፤ አምፖሉን አጠፋን። እማማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ ልጁ ከጎናቸው ተንበርክኮ ፊቱን ወደ በሩ አደረገ። ከግድግዳው ራቅ አደረግሁት። ነጠላቸውን በጥላው በኩል ወንበር ላይ ዘረጋሁ። አንድ ሜትር ተኩል ራቅ ብዬ፣ ስልኩን 2 እጥፍ ላይ አድርጌ፣ መሬት ተቀምጬ ጠበቅሁ። እማማ የሆነ ነገር በጆሮው ሹክ ሲሉት ሳቀ። ያን ጊዜ ተጫንኩ።

ማታ ከጅዳ ስልክ ተደወለ። በዚህ ጊዜ ሰላምታዋን አስቀደመች። ከዚያም ጥቂት ዝም አለችና «ወንድሜ፣ የፊት ጥርሱ ወልቋል እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ሁለት ሳምንቱ ነው። እማማ ጣሪያ ላይ አስወርውረውታል» አልኳት።

ሳቀች። ቀጥሎ ስታለቅስ ሰማሁ፤ ግን የፊተኛው ዓይነት ለቅሶ አልነበረም።

ውድ ወላጆች፣ አላህ ቢፈቅድ ነገ ጠዋት አምፖሉን አጥፉና በሩን ክፈቱ። ሩቅ ያለ ዘመድ የሚጠብቃችሁ ካለ ልጁን እንዳለ አሳዩት። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ወሰላሙ ዓለይኩም።